ስለ አዲስ መኪና ቀለም አያያዝ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ነጋዴ ለዕቃው የሚያደርገው ጥንቃቄ የታወቀ ነው። ቡና ላኪው የቡናውን እርጥበት ሳያስለካ ጆንያ አያሰፋም፤ የእህል ነጋዴው የመጋዘኑን ጣሪያ ሰኔ ሳይገባ ያስጠግናል፤ ጨርቃ ጨርቅ አስመጪውም ጣቃው በፀሓይ እንዳይደበዝዝ የሱቁን መስኮት በመጋረጃ ይከልላል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን በብዙ ገንዘብ የገዛውን አዲስ መኪና ከተረከበበት ማግሥት ጀምሮ፥ ያገኘ ሰው ባገኘው ጨርቅና ባገኘው ውኃ እንዲያጥበው ይተወዋል። ዓመት ሳይሞላም መኪናው ፀሓይ ላይ ሲቆም ኮፈኑ የሸረሪት ድር ያደራበት መስሎ በቀጫጭን ጭረት ተሸፍኖ ይታያል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ፋብሪካውን ያማል፤ ሻጩን ይወቅሳል፤ ቀጥሎም «ያበራል» የተባለ ቅባት ፍለጋ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይዞራል።

ይህ ነገር የጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በንግድ ጋዜጣ ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። ነገር ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚህ የተነሣ በእጅ ያለን መኪና በሌላ አዲስ መለወጥ እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። መኪና እንደገና ለገበያ ሲቀርብ ደግሞ የገዢው ዐይን ሞተሩን ከመመርመሩ በፊት የሚያርፈው በቀለሙ ላይ ነው። የፋብሪካ ቀለሙ ያልተነካ መኪና «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ ይመሰገናል፤ እንደገና የተቀባው ግን «ምን ደርሶበት ይሆን?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄውም ዋጋ ያስቀንሳል። እንግዲህ የቀለም አያያዝ የሀብት አያያዝ ነው ማለት ነው።

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው መኪናው በምንና እንዴት ይታጠብ የሚል ነው፤ ሁለተኛው ቀለሙ በምን ይጠበቅ የሚል ነው። የብዙዎች ስሕተት ከሁለተኛው መጀመራቸው ነው። ሴራሚክ የተባለውን ሽፋን በብዙ ገንዘብ ያስቀባሉ፤ በሳምንቱ ግን መኪናውን ለቆሸሸ ባልዲና አሸዋ ለያዘ ጨርቅ ያስረክቡታል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት ሁሉ፥ ከመቀባቱም አስቀድሞ ማጠቡን ማወቅ ይገባል። አስተጣጠቡን ላወቀ ሰው ተራው ሰም ይበቃዋል፤ ላላወቀው ግን ውዱ ሽፋንም አያድነውም።

የነገሩን ሥር ለመረዳት የመኪና ቀለም ምን እንደ ሆነ መመልከት ያሻል። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በደረሰበት ዘመን፥ የመኪና ቀለም በአብዛኛው ከሠረገላ ቀለም የተለየ አልነበረም፤ በብሩሽ የሚቀባና ለመድረቅም ብዙ ቀን የሚፈጅ ነበር። በ1923 እ.ኤ.አ. ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ዱኮ» በሚል ስም ቶሎ የሚደርቅና በመርጫ የሚረጭ ቀለም አወጣ። ይህም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ቀለሞች ላያቸው በፀሓይ እየነደደ ዱቄት ያወጣ ስለ ነበር፥ ሾፌሩ በየጊዜው ያን የሞተ ላይኛ ገላ ፈትጎ ያነሣና በሰም ይወለውለው ነበር። በዚያ ዘመን የወልዋዩ ጨርቅ የመኪናውን ቀለም ይዞ ቢወጣ የትጋት ምልክት እንጂ የጥፋት ምልክት አልነበረም።

ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን አሠራሩ ተለውጧል። ዛሬ በብረቱ ላይ በመጀመሪያ ዝገት የሚከላከል ሽፋን ይደረጋል፤ በላዩ መሠረት የሚሆን ቀለም፥ ቀጥሎም መልኩን የሚሰጠው ቀለም ይደረባል፤ በመጨረሻም እንደ መስታወት ጥርት ያለና መልክ የሌለው ሽፋን ይለብሳል። መኪናውን የሚያንጸባርቀውም፥ የፀሓይን ጨረር ከመልኩ ላይ የሚመክተውም ይህ የመጨረሻው ልባስ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ሾፌር ልማድ፥ ማለትም እስኪያበራ ድረስ መፈተግ፥ ለዛሬው መኪና መድኀኒት መሆኑ ቀርቶ በሽታ ሆኗል።

የእነዚህ ሁሉ ንብርብሮች ውፍረት ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ደብዳቤ የሚጻፍበት ተራ ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ይወፍራልና፥ የመኪናው ቀለም በሙሉ ከአንድ ተኩል ወረቀት አይበልጥም። ጥርት ያለው የላይኛው ልባስ ብቻውን 40 ማይክሮን ገደማ ስለ ሆነ የአንዱን ወረቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጭረት ለማጥፋት ሲባል በመፋቂያ ቅባት በተፈተገ ቁጥር ከዚሁ ላይ ይቀነሳል። በንግድ ሰው አነጋገር፥ ወጪ እንጂ ገቢ የማይመዘገብበት ሒሳብ ነው። ፋብሪካው አንድ ጊዜ ያስቀመጠውን ባለቤቱ በየዓመቱ እየቀነሰ ይኖራል፤ ሒሳቡ ባዶ ሲሆን የቀረው መንገድ ጋራዥ ገብቶ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ምክር መታረም አለበት። «አዲስ መኪና ቀለሙ እስኪጠና ድረስ ለወራት አይታጠብ፥ ሰምም አይንካው» ሲባል ይሰማል። የፋብሪካ ቀለም ግን ውስጡ ወንበሩና ሽቦው ሳይገጠም፥ ገላው ባዶውን ሳለ በታላቅ ምድጃ ገብቶ በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት የሚጋገር ስለ ሆነ ከፋብሪካው ሲወጣ ፈጽሞ ደርቆ ነው። ምክሩ የተወለደው ከጋራዥ ነው። በጋራዥ የሚቀባ መኪና በዚያ ሙቀት ሊጋገር አይችልምና በቀለሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ቀስ በቀስ ተንኖ እስኪወጣ ሰም ለመቀባት ከ30 እስከ 90 ቀን መጠበቁ ተገቢ ነው። እንግዲህ ገዢው ሻጩን ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መኪናው ከወደብ እስከ መደብሩ ሲጓጓዝ ተፍቆ የተቀባ ቦታ እንዳለው ነው። መልሱንም ከርክክቡ ሰነድ ጋር በጽሑፍ ቢይዝ መልካም ነው።

በርክክቡ ቀን ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጡ አንዳንድ መኪናዎች ኮፈናቸውና ጣሪያቸው ለመንገድ ተብሎ በነጭ ላስቲክ ተለብጦ ይመጣል። ይህ ላስቲክ ጌጥ አይደለም፤ ፀሓይ እየመታው ሲቆይ ሙጫው ከቀለሙ ጋር ይጣበቃልና ወዲያው መነሣት አለበት። ደግሞም መደብሩ መኪናውን «አሳምሮ ለማስረከብ» ሲል አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ጭረት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው። ዐዋቂ ገዢ መኪናውን ሳትነኩት ከነአቧራው አስረክቡኝ ይላል።

ቀለምን የሚጎዱት ነገሮች ሲቈጠሩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ፀሓይን ይጠራሉ። እውነት አላቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነድደው የፀሓይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። የወፍ ኩስም አለ፤ ፀሓይ ሲያደርቀው ልባሱን በልቶ ጠባሳ ይተዋልና በዚያው ቀን በራሰ ጨርቅ አርሶ ማንሣት ይገባል። ከተማዋ ሕንፃ በሚሠራባት በዚህ ዘመን የሲሚንቶ ብናኝም መጥቷል፤ ይህ ብናኝ በሌሊት ጤዛ ሲርስ እንደ ግድግዳ ልስን ይጠነክራልና በቶሎ በብዙ ውኃ ማውረድ እንጂ በጨርቅ መጥረግ አይገባም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የሰው እጅ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከብረትም ከመስታወትም የጠነከረ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አቧራው በሚነሣበት ወራት መኪናው ሌሊቱን ደጅ ያድራል፤ ጧት ዘበኛው ጌታውን ደስ ለማሰኘት ብሎ ጤዛውንና አቧራውን በአንድ ጨርቅ ይጠርገዋል። ይህ ሥራ ከልብ የተደረገ አገልግሎት ነው፤ ውጤቱ ግን መኪናውን በብርጭቆ ወረቀት ከማሸት የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። አቧራ ባለበት ቢቀመጥ ቀለሙን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሲጎተት ነው። ለዘበኛው ሊነገረው የሚገባው የመጀመሪያ ቃል «ደረቁን አትንካው» የሚል ነው።

አሁን ወደ አስተጣጠቡ እንመለስ ቢባል፥ መሣሪያው ጥቂት ነው። ሁለት ባልዲ ለገላው፥ አንድ አሮጌ ባልዲ ለጎማው፥ ከማይክሮፋይበር ወይም ከሱፍ የተሠራ የእጅ ጓንት፥ ሁለት ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ፥ እንዲሁም ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሻምፖ። ለልብስ የተሠራው የዱቄት ሳሙና ቅባት የመቁረጥ ኀይሉ ታላቅ ስለ ሆነ የተቀባውን ሰም አጥቦ ይወስደዋል፤ በደንብ ያልሟሟውም ዱቄት እንደ አሸዋ ይቧጥጣል። ስፖንጅም ቢሆን ፊቱ ልሙጥ ስለ ሆነ ቅንጣቱን ከራሱና ከቀለሙ መካከል አጣብቆ ይጎትተዋል፤ ጓንቱ ግን ጭገራም ነውና ቅንጣቱን ወደ ውስጥ ይቀበለዋል።

መኪናው በጥላ ሥር፥ ኮፈኑም በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ይታጠባል። በቀትር ፀሓይ የሚታጠብ መኪና ውኃው ሳይወርድ ይደርቅበታል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ጨውም ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ አስቀድሞ ጎማውና ቸርኬው በራሳቸው ባልዲና በራሳቸው ጨርቅ ይታጠባሉ፤ ያ ጨርቅ ከዚያ በኋላ ገላውን አይነካም። ቀጥሎ መኪናው ማንም እጅ ሳያሳርፍበት ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። ይህ እርምጃ የሥራው ግማሽ ነው፤ ውኃ ብቻውን የሚያወርደውን አሸዋ ጓንቱ እንዲሸከመው ማድረግ አያስፈልግምና።

ከዚያ በኋላ በአንደኛው ባልዲ ሻምፖ በውኃ ይበጠበጣል፤ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሞላል። ጓንቱ ከሻምፖው ይነከራል፤ አንድ ክፍል፥ ለምሳሌ ጣሪያው ወይም አንዱ በር ይታጠባል፤ ወደ ሻምፖው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውኃ ታጥቦ አሸዋውን ያራግፋል። ባለ አንድ ባልዲ አጣቢ ግን ከበሩ ያነሣውን ጭቃ መልሶ ለኮፈኑ ይቀባዋል። እጅም በክብ ሳይሆን በቀጥታ መሄድ አለበት። ከጣሪያ ወደ ኮፈን፥ ከኮፈን ወደ በሮች ይወረዳል፤ የበሮቹ የታችኛው ክፍልና ፓራፋንጎው ጭቃ የሚበዛባቸው ስለ ሆኑ መጨረሻ ይታጠባሉ። ጓንቱ መሬት ላይ ከወደቀ ለዚያ ቀን ሥራው አብቅቷል፤ ሌላ ይያዛል። በመጨረሻ መኪናው ተለቅልቆ በፎጣው ቀስ ተብሎ እየተጋደመ ይደርቃል እንጂ አይታሽም።

«ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ሁሉ ከየት ይገኛል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱም ይህ አስተጣጠብ ከተለመደው ያነሰ ውኃ የሚፈጅ መሆኑ ነው። ያለማቋረጥ የሚፈስ ጎማ በየደቂቃው ከ10 ሊትር በላይ ያፈስሳል። ያልተጨቀየ መኪና ግን በሁለት ባልዲና ለመለቅለቂያ በሚሆን በጥቂት የአትክልት ማጠጫ ውኃ ይታጠባል፤ በክረምትም ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውኃ በበርሜል ቢጠራቀም ለዚህ ሥራ እጅግ የተስማማ ነው። ጭቃ የበዛበት መኪና ወደ ላቫጆ ቢሄድ ነውር የለበትም፤ ባለቤቱ ግን መርጫው ከገላው ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅና ከሥሩ ናፍጣ እንዳይረጭበት ይንገር። ናፍጣ ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፤ ከዚያ በኋላ አቧራ ይሰበስባል፤ የጎማ ዕቃዎችንም ያባብጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ ቻርጅ በመደረግ ላይ ሳለ አይታጠብም፤ የኀይል መሙያው በርም በኀይለኛ ውኃ አይመታም።

መኪና አጣቢው ወጣት በዚህ ጉዳይ ሲወቀስ ይሰማል። ወቀሳው ግን ፍርድ የጎደለው ነው። ይህ ወጣት እንጀራውን የሚበላው በቀን በሚያጥባቸው መኪናዎች ቍጥር ነው፤ ንጹሕ ጓንትና ሁለተኛ ባልዲ እንዲገዛ ማንም አልነገረውም፤ ቢገዛም የሚከፈለው ዋጋ አይጨምርለትም። መፍትሔው አጣቢውን ማባረር አይደለም። ባለቤቱ የራሱን ጓንት፥ ፎጣና ሻምፖ በመኪናው ኋላ ይዞ ቢዞርና ለሚያጥብለት ሰው ሰጥቶ በመጀመሪያው ቀን ቆሞ ቢያሳየው ነገሩ ያልቃል። የዕቃዎቹ ዋጋ ከአንድ የምሳ ግብዣ ብዙ አይበልጥም። ተደራጅተው በላቫጆ ሥራ ለተሰማሩ ወጣቶችም ቢሆን ይህ የገበያ ዕድል ነው፤ «በሁለት ባልዲና በንጹሕ ጓንት እናጥባለን» ብሎ የጻፈ ላቫጆ ከጎረቤቱ የተሻለ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል።

ማጠቡ ከታወቀ በኋላ የመጠበቂያው ጥያቄ ቀላል ይሆናል። በገበያ ያሉት ዐይነቶች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሰም ነው። ከሰሞች ሁሉ የታወቀው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው፤ ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ማንም በእጁ ይቀባዋል፤ ዕድሜው ግን ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ የተቀመመ ሰው ሠራሽ መጠበቂያ ሲሆን ለጥቂት ወራት ይቆያል። ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ ከሲሊካ የተሠራ ፈሳሽ ሆኖ በልባሱ ላይ ይጠነክራል፤ በሚገባ ከተቀባና በሚገባ ከታጠበ ከዓመት በላይ ያገለግላል። አራተኛው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን የሚወፍር ጥርት ያለ የፕላስቲክ ልባጥ ነው፤ ውፍረቱ ከመኪናው ቀለም ጋር የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ስለ ሆነ ከጎማ ሥር የሚፈናጠር ጠጠርን በእውነት የሚመክተው እርሱ ብቻ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ከሁሉ ይልቃል።

ስለ ሴራሚክ አንድ ቃል መናገር የግድ ነው። ሻጮች «9ኤች ጥንካሬ አለው፤ አይቧጠጥም» ይላሉ። ይህ 9ኤች የተባለው መለኪያ የእርሳስ መለኪያ ነው፤ ትርጉሙም ጠንካራ የጽሕፈት እርሳስ ቢጫርበት አይቀደድም ማለት ነው። አሸዋ ግን እርሳስ አይደለም። ሽፋኑም ሲበዛ የጥቂት ማይክሮን ውፍረት ያለው ነገር ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ውኃና ጭቃ ቶሎ ይለቅቃል፤ የወፍ ኩስን ለጥቂት ሰዓት ይታገሣል፤ ማጠብንም ያቀልላል። ከቆሸሸ ጨርቅ ግን አያድንም። ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ወር አንድ ዐይነት ጥቁር መኪና ቢገዙ፥ አንደኛው ሴራሚክ አስቀብቶ ዘበኛው በየጧቱ በደረቅ ጨርቅ ቢጠርገው፥ ሁለተኛው ደግሞ ምንም ሳያስቀባ በሁለት ባልዲ እያሳጠበ በየሁለት ወሩ ሰም ቢቀባው፥ በዓመቱ መጨረሻ ፀሓይ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ያማረው የሁለተኛው ይሆናል።

ስለዚህ አመራረጡ በዚህ ሥርዐት ቢሆን ይሻላል። መኪናውን በጥላ ሥር የሚያሳድርና በከተማ ብቻ የሚነዳ ሰው በሰም ወይም በሰው ሠራሹ መጠበቂያ ይብቃው። ደጅ የሚያሳድርና ጊዜ የሌለው ሰው፥ አስተጣጠቡን ካስተካከለ በኋላ ሴራሚክ ቢያስቀባ ገንዘቡ አይባክንም። በጠጠር መንገድ ወደ ክፍለ አገር የሚመላለስ ሰው ደግሞ ኮፈኑንና የፊቱን ክፍል ብቻ በፕላስቲኩ ልባጥ ቢያስለብስ ሙሉውን ከማስለበስ ወጪ ይድናል። ከአራቱም በፊት ግን ጥላ አለ። የቆርቆሮ መጠለያ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ መኪናውንም ከፀሓይም ከወፍም በአንድ ጊዜ ይጠብቃል። የጨርቅ ሽፋን ግን በአቧራማ መኪና ላይ ከተጎተተ ራሱ ጨርቅ መሆኑን መርሳት አይገባም።

የቀረው ነገር አስመጪውንና ባለ ሱቁን የሚመለከት ነው። በመደብሮች መደርደሪያ ላይ ሦስት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ዐይነት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆመው «ፖሊሽ» በሚል አንድ ስም ይሸጣሉ። አንዱ ማጠቢያ ነው፤ ሁለተኛው መፋቂያ ነው፤ ሦስተኛው መቀቢያ ነው። ማጠቢያው ቆሻሻ ያነሣል፤ መፋቂያው ቀለም ያነሣል፤ መቀቢያው በቀለሙ ላይ ይጨምራል። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ ገዢው አያነብበውም፤ ብዙ ጊዜም ሻጩ ራሱ አያነብበውም። መፋቂያው ከሁሉ ይልቅ ወዲያው ስለሚያበራ «ይህ ጥሩ ነው» ተብሎ ይመረጣል፤ ደንበኛውም በየወሩ እየፈተገ የማይመለሰውን ልባስ ይጨርሳል። ማንም አላታለለም፤ ግን ዕቃው ተበላሸ።

ይህን ለማረም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አስመጪው በጠርሙሱ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ በአማርኛ «ማጠቢያ»፥ «መፋቂያ»፥ «መቀቢያ» የሚል ቃልና የአጠቃቀም ሁለት መስመር ቢያክል ይበቃል። ባለ ሱቁም መፋቂያውን ከሌሎቹ ለይቶ በሌላ መደርደሪያ ቢያኖር፥ ደንበኛው ሲጠይቀውም «ለአዲስ መኪና ይህ አያስፈልግህም» ብሎ ቢመልሰው፥ የአንድ ጠርሙስ ትርፍ ያጣል፤ የሚመላለስ ደንበኛ ግን ያገኛል። የጓንትና የፎጣ ገበያ ከመፋቂያ ገበያ የሰፋ ነው፤ ጓንትና ፎጣ አልቀው ይተካሉና። መኪና ሻጩም በርክክቡ ቀን ከቁልፉ ጋር ሁለት ባልዲና አንድ ጓንት ቢያስረክብ፥ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ስሙን ያስጠራዋል።

ለላኪውም የሚነገር ነገር አይጠፋም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ማርና ሰም ከሚያመርቱት አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ ሰሟንም በጥሬው ወደ ውጭ ትልካለች። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ይታገሣል፤ ስለዚህ የንብ ሰም ብቻውን ለመኪና ለስላሳ ነው፤ ከካርናውባ ጋር ሲዋሐድ ግን በቀላሉ የሚቀባ መልካም ሰም ይወጣዋል። ጥሬውን ሰም ሸጦ የተቀመመውን በዶላር መልሶ ከመግዛት፥ ጥቂቱን ካርናውባ አስመጥቶ እዚሁ መቀመም ለአንድ ብልህ ነጋዴ ሊታሰብ የሚገባው ሥራ ነው።

«መኪና ለሥራ እንጂ ለጌጥ አይደለም» የሚሉ አሉ፤ ለጭነት መኪና ንግግራቸው ትክክል ነው። አይሱዙ ጭረቱ ቢበዛ የጭነቱን ዋጋ ማንም አይቀንስበትም፤ ጭቃው ታጥቦ ዝገት ካልያዘው ይበቃዋል። ለአውቶሞቢል ግን አይሠራም፤ ሲሸጥ በዐይን የሚመዘን ሀብት ነውና። ደግሞም የሚጠየቀው ነገር ከባድ አይደለም። አዲስ ወጪ ከመጨመር ይልቅ፥ ያለውን ወጪ በቅደም ተከተሉ ማድረግ ነው።

ቅኔ ዐዋቂዎች ሰሙን ሰምተው ወርቁን ይፈልጋሉ። በመኪናም ነገሩ እንዲሁ ነው። በጣት የሚቀባው፥ የሚያብረቀርቀው፥ በየወሩ የሚታደሰው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ከሥሩ ያለው፥ የወረቀት ግማሽ የማያክለው የፋብሪካ ልባስ ነው። ሰሙ ቢያልቅ ሌላ ይገዛል፤ ወርቁ ካለቀ ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም። አዲስ መኪና የተረከበ ነጋዴም ቢሆን መቀቢያ ከመጠየቁ በፊት፥ ነገ ጧት መኪናውን የሚነካው ጨርቅ የማን እንደ ሆነና ምን ያህል ንጹሕ እንደ ሆነ ይጠይቅ።